የአንዲት ጎል መርዶ

ፊቴ ለደስታ የተሠራ አይደለም። ይህን የምለው ለማማረር ሳይሆን ወደ ነገሬ ለመግባት ስለሚጠቅመኝ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሰላምታ በፊት «ምነው? ምን ሆንክ?» ይለኛል። ሠርግ ቤት ፎቶ አንሺው «እርስዎ ትንሽ ወደ ኋላ» ይለኛል። ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ ያነሳችኝ ሴትዮ እንኳ ሥራዋን አቁማ ደህና መሆኔን ጠይቃኛለች። በጣም ደህና ነበርኩ። እንዲያውም ያን ቀን ፈተና አልፌ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚህ የተነሳ ለአካባቢው ሐበሻ አንድ አገልግሎት እሰጣለሁ። መርዶ ነጋሪ ነኝ። አገር ቤት ሰው ሲሞት እዚህ ላለው ዘመድ በስልክ አይነገረውም፤ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በጠዋት በሩን አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ይህን ጊዜ «እሱን ጥሩት» ይባላል። በር ላይ ከቆምኩ አፌን መክፈት እንኳ አያስፈልገኝም። ባለቤቱ ፊቴን ያያል፣ ጩኸቱን ያቀልጠዋል፣ እኔም ወደ ውስጥ ገብቼ ወንበር እፈልጋለሁ። ስንቱን ቤት እንዲህ አስለቅሻለሁ! ክፉ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ መልኬ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ማንም ሳይሞት ስላረዳሁት መርዶ ነው።

ጋሽ ተፈራ ከእኛ ከተማ ማዶ፣ እዚሁ አሜሪካ ያለችው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ታክሲ ነጂ ናቸው። ልጃቸውን ናሆምን ከእናቱ ዘንድ ትተው ሲወጡ ልጁ ገና የፊት ጥርሱ የወለቀ ነበር። አሁን አድጎ የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን በረኛ ሆኗል። ጋሽ ተፈራ የያዙት ወረቀት ወደ አገር ቤት አያስገባቸውም፤ ልጁን ለማምጣት ያስገቡት ጉዳይ ደግሞ «ፕሮሰስ ላይ ነው»። እዚህ አገር ፕሮሰስ ላይ ነው ከተባላችሁ ቁጭ በሉ። ጸጉራችሁ ይሸብታል፣ ኪራይ ይጨምራል፣ ፕሬዚዳንት ይቀየራል፣ ጉዳያችሁ ግን ፕሮሰስ ላይ ነው።

ታዲያ ያን ዓመት የወጣቶች ዓለም ዋንጫ ካናዳ ነው ተባለ። ካናዳ! ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በመኪና የሚደረስበት አገር! ጋሽ ተፈራ ይህን የሰሙ ቀን ለታክሲያቸው አዲስ ጎማ አስገጠሙ። እኔ በበኩሌ የሰውን ደስታ ቶሎ ማስተካከል ስለምወድ፣ በመካከል ማጣሪያ እንዳለ፣ ከማጣሪያው በኋላም ሌላ ማጣሪያ እንዳለ፣ ከዚያም የአፍሪካው ውድድር እንደሚቀር በትዕግሥት አስረዳኋቸው።

«እሱን እነሱ ይጨርሱት» አሉኝ። «የእኔ ሥራ መንዳት ነው።»

ጎማው ሳይበቃ የበረኛ ጓንት ገዙ። ሱቅ ውስጥ «የእጁ ሳይዝ ስንት ነው?» ሲባሉ ግን ተቸገሩ። የልጃቸውን እጅ መጨረሻ የያዙት ቦሌ ኤርፖርት ነው። በኋላ የራሳቸውን እጅ ለክተው ገዙ። «የእኔ ልጅ አይደል? ከእኔ አይርቅም» ብለው። ጓንቱን ዳሽቦርዳቸው ላይ ዘርግተው ከተማውን ያዞሩት ጀመር። ተሳፋሪ ሁሉ ሳይጠይቅ ይነገረዋል። «ማይ ሰን! ናሽናል ቲም!» ይሉታል። ሰውየው አውሮፕላን ሊያመልጠው ነው፣ እሳቸው ናሆም በመጀመሪያው ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ያዳነውን ኳስ መሪውን ለቀው በእጃቸው ያሳዩታል። የገጠመንን ቡድን አገር ስም አልጠራም፤ እስከ ዛሬ ቂም ይዤባቸዋለሁ። ብቻ እዚያ ሄደን ያለ ግብ አቻ ወጥተናል፣ መልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ነው፣ ካሸነፍን እናልፋለን።

የጋሽ ተፈራ ልብ ደግሞ ታሞ በሐኪም ሽቦ ገብቶበታል። ዶክተራቸው በደስታም በንዴትም ኤክሳይት እንዳይሆኑ አስጠንቅቋቸዋል። ስለዚህ ጨዋታውን ላለመከታተል ራሳቸው ወሰኑ። በዋዜማው ደወሉልኝ።

«ተኝቼ እጠብቃለሁ። ካሸነፍን ኮል አድርገኝ» አሉኝ።

«ከተሸነፍንስ?» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከተሸነፍን ምን እንደማደርግ የነገረኝ የለም።

እሑድ ጠዋት እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ቅዳሴ አስቀድሶ የመጣም አለ፣ ቅዳሴውን ዘሎ የመጣም አለ፤ የዘለልነው ነን ከፊት የተቀመጥነው። ጨዋታውን የሚያሳይ ቴሌቪዥን የለም። ኢንተርኔቱ አንድ ቃል አሰምቶ ሲያስብ ይቆያል። ደግነቱ የእድራችን ሊቀ መንበር የአቶ በየነ የእህት ልጅ ስታዲየም ገብቷል። የስልክ ካርድ ፍቀን ደወልንለትና፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ድምፁ እንዲጎላ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቆምነው። ሁላችንም ብርጭቆዋን ከበብን።

ልጁ ግን ለራሱ ነው የሚያየው። «ሂድ! ሂድ! ሂድ!» ይላል። ማን እንደሚሄድ አይናገርም።

«ማን ነው የያዘው?» ይሉታል አቶ በየነ።

«ቆይ» ይላቸዋል።

«የእኛ ነው የእነሱ?»

«ኧረ ቆይ ጋሼ! ወይኔ!»

ይህ «ወይኔ» የደስታ ይሁን የሐዘን ለመለየት ተከራከርን። እንዲህ እያለ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ተጠጋ። በድንገት ልጁ «ኡ!» አለ። ከዚያ ያ ሁሉ የስታዲየም ሕዝብ ጸጥ አለ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ዝምታ ሰምቻለሁ፣ ሙያዬም ነው። ይኼኛው ጥሩ አልነበረም። «በረኛው ምን ነክቶት ነው?» አለ ልጁ። «በእጁ መሐል እኮ…» ሲል ያቺ የካርዱ ሴትዮ በእንግሊዝኛዋ ገብታ ሒሳባችን ማለቁን ነገረችንና መስመሩ ተቋረጠ።

ካርድ ለመግዛት ጎረቤት ወዳለው ግሮሰሪ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን በጥፍሬ ስፍቅ አንዱን አሃዝ አብሬ ፈቅኩት። ሌላ ካርድ ገዛሁ። ደርሰን ስንደውል አልቋል። አንድ ለዜሮ። ልጁ እያለቀሰ ነገረን። ኳሷ ከሩቅ የተመታች፣ ዝግ ብላ የመጣች፣ ማንም የሚይዛት ነበረች አለ። ናሆም ፊት ነጠረችና በሁለት እጆቹ መካከል ሾልካ ገባች።

ከቡድኑ ይልቅ የሁላችንም ሐሳብ ጋሽ ተፈራ ላይ ነበር። ስልኬን አነሳሁ። እትዬ አስካለ እጄን ቀብ አደረጉኝ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ልነግራቸው ነዋ።»

«በስልክ? ልቡ ሽቦ የገባበትን ሰው? እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል እንዴ?»

ልጃቸው ሜሮን እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ከካውንተሩ ኋላ ሆና «ማም፣ ጀስት ቴክስት ሂም» አለች።

«አንቺ ዝም በይ! ወግ አታውቂም።»

አቶ በየነ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ከጠራረጉ ኮሚቴ ተቋቁሟል ማለት ነው። «ሄደን፣ አጽናንተን፣ ቀስ ብለን ነው የምንነግረው» አሉ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ፊቴን ነው ያዩት።

አቶ በየነ ከመኪናቸው ጥቁር ካፖርታቸውን አውጥተው ለበሱ። ለክፉ ቀን መኪናቸው ውስጥ አይጠፋም። እትዬ አስካለ የእህታቸው ተዝካር ገና ስለሆነ ቀድሞም ጥቁር ነው የለበሱት። ባዶ እጃችንን አንሄድም ብለው ለምሳ ደንበኛ የሠሩትን ምስርና ጎመን በሁለት ድስት አስጫኑ። መንገድ ላይ ደግሞ ቆመን የታሸገ ውሃ በካርቶን ገዛን። በዚህ ከተማ ያለ ውሃ ካርቶን ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው አላውቅም። ማንም ግዛ አላለኝም፤ ሱቅ እንደገባን እጄ በልማዱ ሄዶ አነሳው። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሜሮን ትነዳለች። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ እንደ ሁልጊዜው ተዘጋግቷል። ግማሽ መንገድ እንደሄድን አቶ በየነ፣ ሰውየውን ብቻቸውን ማግኘት ለልባቸው ጥሩ አይደለም ብለው፣ እዚያው ሕንፃ ላይ ለምትኖረው ለሮማን ደወሉ።

«ሮማን፣ ተፈራ ቤት አለ? ተኝቷል? ጥሩ። አይ… ምንም አይደል። ብቻ እንዳይወጣ። መጣን። ለእሱ ምንም እንዳትይው፣ ደርሰን እንነግርሻለን።»

በእኛ ዘንድ የዚህ ንግግር ትርጉም አንድ ነው። ሕፃን ያውቀዋል። ሜሮን እንኳ አወቀችው።

«ዩ ጋይዝ፣ ሰው የሞተ ነው የሚመስላት» አለች በመስታወቱ እያየችን።

የሰማት የለም። ማን ቀድሞ እንደሚናገር እየተለማመድን ነበር።

አሌክሳንድሪያ ስንደርስ የሕንፃው ፓርኪንግ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ሮማን ለሁለት ሰው ብቻ ነበር የነገረችው፤ ሁለቱም እንደ እሷ ለሁለት ለሁለት ሰው ብቻ ነገሩ። ታክሲዎች በረድፍ ቆመዋል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሮማን መኪናችን ሳይቆም በሩን ከፈተችው።

«ማናቸው? እናታቸው ናቸው?»

«ኧረ ማንም አይደለም» አልኳት። «ኳስ ነው። የናሆም ኳስ…»

«ናሆም?» አለች። ዐይኗ ፊቴ ላይ ፈጠጠ። «ልጁ ነው? ኳስ ሲጫወት?»

ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል የሚሰማኝ ሰው አጣሁ። አንዱ አቅፎ አለቀሰብኝ። ሌላው «ጎበዝ፣ በርታ» አለኝ። «ሌላ ሰው ሳይነግራቸው! ፈጠን በሉ!» ተባለና ከነውሃ ካርቶኔ አሳንሰር ውስጥ ተገፈተርኩ። ስወጣ ከሁሉም ፊት ነበርኩ። ዘወር ለማለት ብሞክርም ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተፈራ በፒጃማ ናቸው፣ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ካልሲ አለ። ፊታቸው በሙሉ ጥርስ ሆኗል። «አሸነ…» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ዛሬ ሳስበው ያንን ባላደርግ ይሻል ነበር። ከእኔ ወደ አቶ በየነ ካፖርት፣ ከካፖርቱ ወደ እትዬ አስካለ ጥቁር ልብስ፣ ከልብሱ ወደ ውሃው ካርቶን አዩ። ካርቶኑ ላይ ሲደርሱ ጥርሳቸው ተከደነ። ወደ ኋላ ሄደው ጫማ መደርደሪያው ላይ ቁጭ አሉ።

«ተፈራ» አሉ አቶ በየነ። «እንግዲህ ሁላችንም የእሱ ነን። የሰጠ እሱ፣ የነሳም እሱ…» ሰውየው ሌላ ንግግር አያውቁም። ባለፉት ዓመታት በየቤቱ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ አፋቸው በራሱ መንገድ ሄደ።

«ናሆም ነው?» አሉ ጋሽ ተፈራ። ድምፃቸው አይሰማም።

እኔን ነበር የሚያዩኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «አዎ» አልኩ።

ምን ልበል ታዲያ? ናሆም ነዋ! ጎሏ የገባችው በእሱ ነው!

ጋሽ ተፈራ ደረታቸውን ያዙ። ሮማን ከኋላዬ ጮኸች። ኮሪደሩ ተቀበላት። «አልሞተም! ጎል ነው! ጎል ነው የገባበት!» እያልኩ ብጮኽ ጩኸቴ ከለቅሶው ጋር ገጠመ፤ እንዲያውም አንዲት ሴት እኔን እያየች ባሰባት። ልክ በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ነበር የታየኝ። ይህን ሰው ገደልኩት አልኩ። ፈራሁ። ካርቶኑ ከእጄ ወድቆ እግሬን መታኝ፤ ሕመሙን ያወቅሁት ማታ ነው።

ሜሮን ናት ያዳነችን። በሰው እግር መካከል ሾልካ ገብታ ተንበረከከችና የሽማግሌውን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። በአገር ቤት ወግ እንዲህ አይደረግም።

«ጋሽ ተፈራ፣ ሉክ አት ሚ። ናሆም አለ። ደህና ነው። ጌሙን አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ዛትስ ኢት።»

አዩዋት።

«ተሸነፉ?»

«አዎ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ጋሽ ተፈራ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ በኋላ መደርደሪያው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ተነስተው ሜሮንን ሳሟት፣ አቶ በየነን ሳሟቸው፣ እኔንም ይህን ፊቴን ሳሙኝ። «ተሸነፍን!» አሉ። «ልጄ ተሸንፏል! አንድ ለዜሮ!» ከደረጃው እያለቀሰ የሚደርሰውን ሁሉ «ኧረ ተሸንፎ ነው፣ ግባ፣ ግቢ!» እያሉ ያቅፉታል። እትዬ አስካለ ጥቁር እንደለበሱ እልል አሉ። የጎረቤቱ ፈረንጅ በሩን ገርበብ አድርጎ ይህን ሁሉ አየና «ኮንግራጁሌሽንስ» ብሎ ዘጋው።

ሰው ግን አልሄደም። የት ይሄዳል? ምግብ አለ፣ ውሃ አለ፣ ፈረቃውን ያዛወረው አዛውሯል። ወንበር ተለቀመና ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያውን ተቀመጠ። ሌላ አቀማመጥ አናውቅም። አንዳንዱ ተቆጥቶኛል። «ከእንግዲህ ሰው ቢሞት እንኳ አላምንህም» አለኝ አንድ ታክሲ ነጂ ምስሩን እየጠቀለለ።

ይህን ጊዜ ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነው። ጋሽ ተፈራ ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ተፈራ» አለ የወንድማቸው ድምፅ፣ ቀዝቀዝ ብሎ። «ተቀምጠሃል? አጠገብህ ሰው አለ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድምየው ግራ ገባው። ከዚያ ስልኩን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ተሰማ፣ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።

«አባባ» አለ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

«አቤት ናሆም።»

«በእጄ አለፈች።»

«ሰምቻለሁ።»

«ቀላል ኳስ ነበረች አባባ። ይዣታለሁ ብዬ ነበር። ይዣታለሁ ብዬ ቀና አልኩ…» ልጁ መቀጠል አልቻለም። ያን የሚያህል ድምፅ ያለው ወንድ ሲያለቅስ መስማት ከባድ ነው። ሁላችንም ወለሉን እናያለን። «ካናዳን እኮ እኔ ነኝ…»

«ተወው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «አሁን አንተን ቀብሬ ነው የተነሳሁት። ካናዳ ትቅር።»

እንዲህ አሉ እንጂ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ማታ ከታክሲው አውጥተው ያሳደሩትን ጓንት ይፈልጋል። አንዱን አንስተው አጠለቁት። ጣቶቻቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ። ልካቸው ነው።

«ናሆም፣ እጅህ ከእኔ ይበልጣል?»

የእነሱም ካርድ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«አላውቅም አባባ» አለ ልጁ። «የአንተን አላስታውሰውም።»

ጋሽ ተፈራ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ብላ፣ ተኛ፣ እናትህን ሳምልኝ አሉትና ዘጉት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሳቀ የለም። ውሃው ተከፈተና ለየሰው ታደለ። ሁሉም ጠርሙሱን እጁ ላይ ያዞራል። ሮማን ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ነበር፣ አስተካክይው ያላት የለም። ሜሮን እናቷን ተደግፋ ታለቅሳለች።

ሰው አንድ በአንድ ተነሳ። ሮማን ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ አፏ በልማዱ፣ «እግዜር ያጽናዎት» አለች። ወዲያው ምን እንዳለች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሽ ተፈራ አልሳቁም። ጓንቱ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«አሜን» አሉ።

እኔ ወንበሬን አስጠግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ። ያን ቀን የገባው የወጣው ሁሉ አይቶኛል፤ ምነው፣ ምን ሆንክ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።